በግራ የዞረ ጠርዝ

ኡመይማ የሻሂ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል ነው የሴትዮዋን ነጠላ ያየችው።

ሴትዮዋ ኋላ የመጡ ለቀስተኞች በሚቀመጡበት ከበሩ አጠገብ ባለው ጥግ እግሯን አጣጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ከቤቱ ሰው ማንም አያውቃትም። አርባዎቹን ያጋመሰች ትመስላለች። አላለቀሰችም፤ እንደ ሌሎቹም የሟቹን ደግነት እያነሳች አላወራችም። ነጠላዋ ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር የምታህል ጥለት አለበት፤ በጥቁር መደብ ላይ ቀይ አበባ። ሴትዮዋ ለሚገባ ሰው ቦታ ለመልቀቅ ፈቀቅ ስትል ጫፉ ተገለበጠና ጀርባው ታየ፤ በቀይ መደብ ላይ ጥቁር አበባ።

ኡመይማ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆመች።

ይህን ጥለት በደሴ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቷ አብዱልሐሚድ። የተሰበሰበውም ሰው ለእሳቸው ለቅሶ ነው የተሰበሰበው።

ጓዳ ውስጥ ጎረቤታቸው ሳሚያ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ከበሩ ሥር ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አለቻት ኡመይማ።

«ከኮምቦልቻ ናት አሉ። ትናንትም መጥታ ነበር።» ሳሚያ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባሏ የሞተባት ናት ይላሉ። እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም። ግን አባትሽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ ይወርዱ አልነበር?»

«ክር ሊገዙ ነው።»

«ክር ሊገዙ» አለች ሳሚያ፤ ብርጭቆውን ገልብጣ አስቀመጠችው። «እናትሽ ብቻ እንዳትሰማ።»

እናቷ ሐዋ ግን ሰምታ ነበር። ወይም ማንም ሳይነግራት ገምታለች። ኡመይማ ወደ ሳሎኑ ስትመለስ ሐዋ ከፍራሿ ላይ ሆና አጠገቧ የምታወራላትን አሮጊት ትታ ወደ በሩ ጥግ ታያለች። እንግዳዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታለች። ከምንጣፉ ላይ አንዲት የተበጠሰች ክር በግራ እጇ አንስታ በጣቶቿ መሀል ታሽከረክራለች።

አብዱልሐሚድ ከአባታቸው ወርሰው ነው ሸማኔ የሆኑት። የሥራ ክፍላቸው ከግቢው ጀርባ ያለች ባለ አንድ መስኮት የጭቃ ቤት ናት። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ሸማኔው አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰድና ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ገመዶች በእግሩ ጣቶች ይረግጣል። ጋቢና ኩታ እንደ ማንኛውም ሸማኔ ይሠሩ ነበር። ልጁን የሚድር ሰው ከሐርቡና ከዚያም ወዲያ ካለ አገር ድረስ የሚመጣላቸው ግን ለዚያ ባለ ሁለት ቀለም ጥለት ነበር።

ጥለቱ ሁለት መወርወሪያ ይፈልጋል፤ አንዱ ቀይ ክር፣ ሌላው ጥቁር ክር ይይዛል። ቀዩ በፊት በኩል ሲያልፍ ጥቁሩ በጀርባ ያልፋል። አበባው ሲያበቃ ቦታ ይለዋወጣሉ። የትኛው የድር ክር እንደሚነሳ የሚመረጠው በአንዲት ቀጭን ልሙጥ እንጨት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ልባም ሸማኔ አይቶ ሊደርስበት ይችላል። የሚያስቸግረው ጠርዙ ነው። ሁለቱ ክሮች ጠርዝ ደርሰው ሲመለሱ ካልተያያዙ ጥለቱ ይላላል፤ እንደ ነገሩ ከተያያዙ ደግሞ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ እንደ ነቁጥ ብቅ ይላል። አብዱልሐሚድ ጠርዝ ጋ ሲደርሱ አጠገባቸው ሰው ካለ ሥራቸውን አቁመው ወሬ ይጀምራሉ።

ኡመይማ በልጅነቷ መወርወሪያ ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ ክር ታጠነጥንላቸው ነበር። ልጅ ናት ብለው እሷ ፊት አያቆሙም። እሷ ደግሞ ክሩን እያጠነጠነች እጃቸውን ታያለች።

«አብዬ፣ እኔንም አስተምሩኝ» አለቻቸው አንድ ቀን።

«አንቺ ፍተይ። ጉድጓዱ የሴት ቦታ አይደለም።»

አንድ ጁምዓ ቀን፣ እሳቸው መስጊድ ሄደው ሳለ ወረደች። ያኔ እግሯ ገመዱ ጋ በደንብ የማይደርስ ልጃገረድ ነበረች። እንጨቷን ድሩ ውስጥ አስገብታ ቀዩን ወረወረች፣ ጥቁሩን ወረወረች፤ አበባው ተጣመመባት፤ ቢሆንም ወረወረች። አባቷ ሲገቡ አልሰማቻቸውም። ብብቷን ይዘው አወጧት፤ አልተቆጡም፤ ቁጭ ብለው የሠራችውን ይፈቱ ጀመር። በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ዓይናቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ እሱንም ፈቱት።

በማግስቱ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘችው።

በለቅሶው ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ወንድሟ ፉርቃን ከድንኳኑ መጥቶ ጠራትና ወደ ግቢው ጥግ ወሰዳት። ፉርቃን ሰኞ ገበያ የባህል ልብስ ሱቅ አለው፤ አባቱ የሸመኑትን የሚሸጠው እሱ ነው። ኡመይማም እዚያው ሱቅ ውስጥ የነጠላና የኩታ ጫፍ ትቋጫለች።

«ያቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለ።

«እኔ ከየት አውቃለሁ?»

«ዛሬም ድንኳኑ ላይ ወንዶቹን 'የሥራ ክፍላቸው የትኛው ነው?' ብላ ጠይቃለች። ለቅሶ የመጣ ሰው የሥራ ክፍል ምን ያደርግለታል?» ፊቱን በመዳፉ አሸው። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። «ክር እኮ እዚህ ሱቄ ፊት ለፊት ሞልቷል፣ ኡመይማ። ስንቴ ነገርኳቸው። ክር ፍለጋ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሸማኔ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ኡመይማ ልትሄድ ዞረች፤ እሱ ግን ቀጠለ።

«ደግሞ ደህና ሰው አልነበሩ? ከዚያ ተመልሰው በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ምን እንዳበላቻቸው ማን ያውቃል?»

«ፉርቃን፣ አላህን ፍራ። ሐኪሙ ግፊት ነው ብሏል።»

«ሐኪሙ የሚያውቀውን ነው ያለው።» ወደ ሴቶቹ ክፍል አየ። «ነገ ከነገ ወዲያ ኒካሕ አለኝ ብላ ሰው ይዛ ብትመጣ ምን እንደምትይ አስቢበት።»

ኡመይማ ወደ ሳሎን ስትመለስ የበሩ ጥግ ባዶ ነበር። የሴትዮዋ ጫማ ግን ደጃፉ ላይ አለ። ኡመይማ ወደ ጓሮ ዞረች።

የሥራ ክፍሉ በር ጠዋት ለእንግዳ የሚነጠፍ ሰሌን ሲወጣ ተከፍቶ ማንም መልሶ አልቆለፈውም። ኡመይማ በቀስታ ገፋችው። ሴትዮዋ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካለች። ድሩ እንደተወጠረ ነው፤ ሥራው አላለቀም። ጥለቱ ተጀምሮ መሀል ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና የግራ እጇን ጣቶች ጥለቱ ላይ ታንሸራትታለች።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች ኡመይማ።

ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። «ላየው ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን።»

ኡመይማ ተጠግታ ጎንበስ አለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እዚህ ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይህንንም ሥራ አይታው አታውቅም። ቀዩ ለስላሳ የጥጥ ክር ነው። ጥቁሩ ግን ሻካራ፣ ለምንጣፍ የሚሆን የበግ ፀጉር ነው። አባቷ እንዲህ ያለ ክር ከጥጥ ጋር ሲቀላቅሉ አይታ አታውቅም። ጥለቱ በጥቁሩ በኩል አብጧል።

«አብዬ ይህን ክር አይነኩም። እርስዎ ነዎት የሰጧቸው?»

ሴትዮዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ከኋላ የፉርቃን ድምፅ መጣ።

«ለቅሶ ደርሰሽናል፣ አላህ ይስጥልን» አለ በሩን ሞልቶ ቆሞ። «ከአባታችን የምትፈልጊው ነገር ካለ በሽማግሌ ፊት ትናገሪያለሽ። እንዲህ እየዞሩ ዕቃ መዳሰስ ግን ነውር ነው።»

«የምፈልገው ነገር የለኝም» አለች ሴትዮዋ ቀና ብላ። ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈች። በፉርቃን አጠገብ ስታልፍ ግድግዳውን ታክካ ነው፤ ኡመይማ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። «ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ በታች ነኝ። ፊርደውስ ሸማኔዋ ብለሽ ጠይቂ።»

ሸማኔዋ። ኡመይማ ቃሉ ለሴት ሲነገር ሰምታ አታውቅም።

ያን ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል ኡመይማ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ተቀመጠች። አንድ የቆየ ነገር ይመላለስባት ጀመር።

ጦርነቱ አልፎ ገበያው እንደገና በተከፈተ ሰሞን ነው። አባቷ አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ በብብታቸው ሸጉጠው ሱቅ መጡ። ፉርቃን አልነበረም። ሰላምታም ሳይሰጧት ፊታቸውን ወደ ፊቷ በጣም አስጠጉ፤ ትንፋሻቸው እስኪሰማት ድረስ።

«ለማን አሳየሽው?» አሉ።

«ምኑን፣ አብዬ?»

ትኩር ብለው አዩዋት። ያን ያህል መጠጋታቸውን ቁጣ ነው ብላ ወሰደችው። ጨርቁን እንደተጠቀለለ ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ የሠሩትን በእጃቸው ሰጥተዋት አያውቁም፤ በፉርቃን በኩል ነው የሚደርሳት። ምን እንዳጠፋች አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቁልፉን ያየች ዕለት ያደረባት ቅሬታ ላይ ይህኛው ተደርቦ አብረው ኖሩ።

ጥለቱም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ስትቋጭ ጠርዙ በጣቷ ሥር ያልፋል፤ ድሮ ሁለቱ ክሮች ሲያያዙ በቀኝ ይዞሩ ነበር። ከጊዜ በኋላ በግራ ዞሩ። እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ዛሬ ግን የዚያች ሴትዮ ግራ እጅ ክር ሲያነሳ አይታለች፤ ጥለት ሲዳስስም አይታለች።

እንግዲህ በአባቷ ስም ሲሸጥ የኖረው የአባቷ አልነበረም። ለእሷ የተቆለፈው በር ለባዕድ ተከፍቷል። ለምን? ሰው ለማያውቃት ሴት የእጁን ሙያ የሚሰጠው ምኑ ብትሆን ነው?

«ኡመይማ» አለች እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ። «ነይ እስቲ።»

ሐዋ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ነበረች። ነጭ ሻሽ አስራለች። እጇ ላይ ሙስበሐ አለ፤ ግን አትቆጥርበትም።

«መልኳ እንዴት ያለ ነው?» አለች።

«የማን?»

«የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ዓይኔ እኮ ደክሟል፤ ከበሩ ሥር በደንብ አላየኋትም።»

«ሰው ናት እማ። እንደ ማንም ሰው።»

ሐዋ ራሷን ነቀነቀች። «ሁለተኛ ቢያገባ ሐራም አላደረገም። መብቱ ነው። ግን ደብቆኝ ኖሮ ከሆነ፣ የማለቅሰው ለየትኛው ሰው እንደሆነ ልወቅ።» ሙስበሐውን ፍራሹ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ከዚህ ደጅ አልወጣም። ወንድምሽ ቢሄድ ይጣላል። አንቺ ሂጂ። ያየሽውን አምጪልኝ። ታዝናለች ብለሽ ቀንሰሽ አታምጪ።»

ሰደቃው በወጣ በማግስቱ ኡመይማ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎን ወረደች። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር አየሩ እየሞቀ መጣ። አባቷ ይህን ሁሉ ጠመዝማዛ በየሳምንቱ ሲወርዱ ምን እያሰቡ ይሆን? ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለች። የባጃጁ ሾፌር የፊርደውስን ስም ስትነግረው ወዲያው አወቀው።

ፊርደውስ የቆርቆሮ በሯን ገርበብ አድርጋ አየቻት። ሙሉ በሙሉ አልከፈተችውም።

«ወንድምሽ ልኮሽ ነው?»

«እናቴ ናት የላከችኝ።»

«ምን ብላ?»

«እውነቱን ይዘሽልኝ ነይ ብላ።»

ፊርደውስ ከኋላዋ ሰው መኖር አለመኖሩን አይታ አስገባቻት። ግቢው ጠባብ ነው። ከአንድ ክፍል ቤቷ ጎን በቆርቆሮ የተከለለ ዳስ አለ፤ ሥሩ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ላይ የተወጠረ ድር። ኡመይማ ሳይፈቀድላት ቀጥ ብላ ወደ ድሩ ሄደችና ጠርዙን በጣቷ ያዘች። በግራ ዞሯል።

«ይህን ነው እኛ በአባቴ ስም ስንሸጥ የኖርነው።»

«አዎ።»

«ሰርቀዋቸው ነው ወይስ ሰጥተዎት ነው?»

ፊርደውስ ኩርሲ አቀረበችላት፤ ኡመይማ አልተቀመጠችም። ፊርደውስ ራሷ ተቀመጠችበት።

«ባለቤቴ ሸማኔ ነበር» አለች። «እሱ ሲሞት እኔ ፋብሪካ እሠራ ነበር። በጦርነቱ ፋብሪካው ተዘርፎ ሥራ ሲቆም የሱን ጉድጓድ ጠርጌ ወረድኩ። ሰው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ኩታዋን እሳት ነክቶት ስትጥለው ጫፉን ለመንኳት። የአባትሽ ጥለት ነው። ክር በክር ፈታሁት። ፊቱም ጀርባውም ወጣልኝ፤ ጠርዙ ግን እምቢ አለኝ። እንዳለ ሠርቼ ገበያ አወጣሁት።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን አባትሽ ከሠራሁት አንዱን በብብታቸው ይዘው እዚህ በር ላይ ቆሙ። አሰላሙ ዓለይኩም እንኳ አላሉኝም። 'ልጄ ናት ያሳየችሽ?' አሉኝ።»

ኡመይማ የያዘችውን ጠርዝ ለቀቀች።

«ልጅዎን አላውቃትም አልኳቸው። አላመኑኝም። ዕቃው ላይ ያለውን ጥለት ይዳስሱ ጀመር። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ እዚህ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። 'ልጄ ብታሳይሽ ኖሮ እንዲህ አይላላም ነበር' አሉ። 'ጠርዙን በልጅነቷ አንዴ ሠርታዋለች። ልክ ነበር።'»

ኡመይማ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ለምን ተመልሰው አልነገሩኝም?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። 'ሰው ልጁን ከጠረጠረ በኋላ በምን አፉ ይጠራታል' አሉኝ። ሌላ ጊዜ ሳነሳባቸው ወሬ ቀየሩብኝ። እኔም ተውኩት።»

ፊርደውስ ቀጠለች። አብዱልሐሚድ ያኔም ቢሆን ዓይናቸው ከድቷቸው ነበር፤ ቀይና ጥቁር መለየት አቅቷቸዋል። ፉርቃን ቢያውቅ ሥራውን ያስቆመኛል ብለው ፈርተዋል። ስለዚህ እሷ ትሠራለች፤ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባውን በጣታቸው እየዳሰሱ ያርሟታል። የጨረሰችውን ይዘው ደሴ ይወጣሉ። ትርፉን ይካፈላሉ።

«ጠርዙን በቀኝ አዙሪ ብለውኝ ነበር» አለች። «እጄ እምቢ አለ። ግራኝ ነኝ። ተይው አሉኝ በመጨረሻ። 'ቤቴ አንዲት የምታውቅ ሰው አለች፤ እሷ ትደርስበታለች' አሉ። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም።»

«ደርሼበት ነበር» አለች ኡመይማ። «አልጠየቅኳቸውም።»

ከወንዙ ማዶ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኡመይማ ግን ጥርጣሬዋ ገና አልለቀቃትም። ይህች ሴት ብልህ ናት። አንድን ሐዘንተኛ ምን ቢነግሩት ደስ እንደሚለው የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ሊፈጥረው ይችላል።

«ቤት ያለውስ?» አለች። «ሻካራ ክር የገባበት?»

«እሱን እኔም ሰምቼው ነበር እንጂ አላየሁትም። 'አንድ የራሴ ሥራ ጀምሬያለሁ' ይሉኝ ነበር። ለዚህ ነው ክፍሉን የፈለግኩት። ስዳስሰው ገባኝ። ቀለሙን ማየት ስላልቻሉ አንዱን ሻካራ፣ አንዱን ለስላሳ አደረጉት፤ በጣት እንዲለዩት።»

«ለማን ነበር?»

ፊርደውስ ቀና ብላ አየቻት። «'ለአንቺ ነው' ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ግን አልነገሩኝም።»

ከተነገራት ሁሉ ኡመይማ ያመነችው ይህንን ነው። ውሸታም ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ለአንቺ ነው ይል ነበር።

«አሁን ማን ይጨርሰዋል?» አለች።

«እኔ አልችልም። ጠርዙ በቀኝ ነው የተጀመረው፤ እኔ ብነካው ይበላሻል።» ፊርደውስ ተነስታ ድሩን በከፊል የሸፈነውን ነጠላ ጨርቅ ገፈፈች። «ውረጂ።»

ኡመይማ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። እግሯ ገመዱን በቀላሉ አገኘው። ፊርደውስ እንጨቷን ሰጠቻት፤ ከኋላዋ ሆና ታያት ጀመር። እንዴት እንደሚመረጥ እየነገረቻት ኡመይማ የቀዩን አነሳች፣ ወረወረች፤ ተቃራኒውን አነሳች፣ ጥቁሩን ወረወረች፤ ክሩን መትታ አጠበቀችው። ቀይ መደብ ላይ አንዲት ጥቁር ነቁጥ ብቅ አለች።

«ፍቺው» አለች ፊርደውስ።

ፈታችው። እንደገና ጀመረች። አሁንም ነቁጧ ወጣች።

«አንድ ክር ዘለሻል። በዓይንሽ አትቁጠሪ። እንጨቷን በቀስታ ግፊያት፤ ስትይዝሽ ቁሚ። ፍቺው።»

ስንት ጊዜ እንደፈታች አላስታወሰችም። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። ፊርደውስ ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችም፤ ፍቺው ስትል የራሷን ጨርቅ የምታስፈታ አትመስልም ነበር። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ግን አፏን ዘጋች። ኡመይማም አልጠየቀችም። ጥቁሩን ከቀዩ ሥር አሳለፈች፣ በላዩ መለሰችው፣ ሳበችው። እጇ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ ክሩ በቀኝ ዞሮ ተቀመጠ።

ፊርደውስ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ጣቷን ቶሎ አላነሳችም።

«እንግዲህ አንቺ ከመጣሽ…» አለችና አቋረጠችው። ኡመይማ ዘወር ብላ አየቻት። በሴትዮዋ ፊት ላይ ፍርሃት ነበር፤ ሥራዋን ከነጉድጓዱ ሊወስዱባት እንደመጡባት ሰው።

«የእርስዎ በግራ ነው» አለች ኡመይማ። «የኔ በቀኝ። ገዢው ይመርጥ።»

ፊርደውስ ትንሽ ፈገግ አለች። «ሰኞ ነይ» አለች። «አበባው ገና አልገባሽም።»

ደሴ ስትደርስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ፉርቃን ገመድ እየጠቀለለ ጠበቃት።

«ምን ትላለች? ምን ትጠይቃለች?»

«ምንም።»

«ሁሉም ምንም ብሎ ነው የሚጀምረው።» ገመዱን መሬት ላይ ጣለው። «እኔ ሰው አነጋግሬያለሁ። ዕቃውን ነቅለን ክፍሉን እናከራየው። ምን ይሠራል ከእንግዲህ?»

«እንዳትነካው፣ ፉርቃን። አላለቀም።»

«ማን ሊጨርሰው?»

«እኔ።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። አላመናትም። ግን ደግሞ ደክሞታል፤ ገመዱን አንስቶ መጠቅለሉን ቀጠለ። ኡመይማ አልፋው ገባች።

ሐዋ ፍራሿ ላይ ናት። ኡመይማ አጠገቧ ተቀምጣ ሳትቀንስ ሁሉንም ነገረቻት፤ አባቷ ሱቅ የመጡበትን ቀን፣ ጥርጣሬያቸውን፣ ዓይናቸውን።

«ሚስቱ አይደለችም» አለች ሐዋ ሲያልቅ።

«አይደለችም፣ እማ። ሸማኔ ናት።»

«ዓይኑን እኔም አውቅ ነበር» አለች ሐዋ ቀስ ብላ። «ሻሂውን ከእጁ ጋር አገናኝቼ ነበር የማስቀምጥለት። እሱ የሚያይ ይመስላል፤ እኔም ያላወቅኩ እመስላለሁ። ኮምቦልቻውን ነው እንጂ ያላወቅኩት።»

ውጭ የድንኳኑ ብረት ወደቀና ጮኸ። ሐዋ ወደ ልጇ ጠጋ አለች። እጇን ዘርግታ ከኡመይማ ትከሻ ላይ አንዲት የጥጥ ብናኝ አነሳች። ከክንዷ ላይ ሌላ አነሳች። ከሻሿ ጫፍም ሌላ።

«ማታ ማታ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚገባው» አለች።

ኡመይማ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠችላት። ሐዋ ትለቅማለች፤ በጣቶቿ እያድበለበለች መዳፏ ውስጥ ታኖራለች። በኡመይማ ልብስ ላይ አንዳች ብናኝ ካልቀረ በኋላም እጇ ከትከሻዋ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ ትከሻዋ ይመላለስ ነበር።